ለመስክ ጉዞና ለአደጋ ጊዜ አነስተኛ ዋጋ ያለው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ አመራረጥ

የሞባይል ስልክ ኔትወርክ የማይደርስባቸው ሸለቆዎች፣ ደኖችና ሰፋፊ ሜዳዎች በኢትዮጵያ ጥቂት አይደሉም። ኔትወርክ ባለበት ስፍራም ቢሆን የጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋ ሲደርስ የኤሌክትሪክ ኃይልና የስልክ አገልግሎት በአንድነት ሊቋረጡ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ሰዎች ያለ ማማ፣ ያለ ሲም ካርድና ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ የሚነጋገሩበት መሣሪያ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ፣ በተለምዶ አጠራሩ ዎኪ ቶኪ ነው። የፓርክ ጥበቃ ሠራተኞች፣ የተራራ አስጎብኚዎች፣ የመስክ ተመራማሪዎችና የነፍስ አድን ቡድኖች ለዕለት ሥራቸው ይፈልጉታል።

ይህ ጽሑፍ ውስን በጀት ያላቸው ድርጅቶችና ቡድኖች ለሥራቸው የሚስማማውን መሣሪያ እንዲመርጡ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የእጅ ሬዲዮ ጥቅም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የኃይልና የርቀት ቁጥር አይለካም። የሚለካው በሌላኛው ጫፍ በዚያው ቻናል በሚያዳምጥ ሰው፣ ተነጋጋሪዎቹ በቆሙበት ቦታ ከፍታና ባትሪው በሚቆይበት ጊዜ ነው።

1. ከግዢ በፊት ፈቃድ

የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ውስን የሀገር ሀብት ነው። በኢትዮጵያ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመሆኑም የእጅ ሬዲዮ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ከሱቅ ተገዝቶ ወይም በሻንጣ ተይዞ ገብቶ በቀጥታ ሥራ ላይ የሚውል ዕቃ አይደለም። ድርጅቱ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በየትኛው አካባቢና በስንት ዋት ኃይል መሥራት እንደሚፈቀድለት፣ ሊገዛው ያሰበው የመሣሪያ ዓይነትም ተቀባይነት ያለው መሆኑን አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ሊያረጋግጥ ይገባል። ያለ ፈቃድ የመጣ መሣሪያ በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል፤ ለመሣሪያው የወጣው ገንዘብም በከንቱ ይቀራል።

በዚህ ረገድ ከውጭ ሀገር ለዘመድ ወይም ለበጎ አድራጎት ሥራ ሬዲዮ ለመላክ የሚያስቡ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በአሜሪካ ለቤተሰብ አገልግሎት በየመደብሩ የሚሸጡት ሬዲዮዎች በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ። በአውሮፓ ያለ ግል ፈቃድ የሚፈቀዱት ደግሞ ከ446.0 እስከ 446.2 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ፣ ከ0.5 ዋት በማይበልጥ ኃይል የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ፈቃዶች የተሰጡት በየሀገሩ ሕግ ነው፤ ከመሣሪያው ጋር ድንበር አይሻገሩም። በአንዱ ሀገር ለሁሉም የተፈቀደ ፍሪኩዌንሲ በሌላው ሀገር ለሌላ አገልግሎት የተመደበ ሊሆን ይችላል።

2. ርቀትን የሚወስነው ምንድን ነው?

በማሸጊያዎች ላይ “30 ኪሎ ሜትር”፣ “50 ኪሎ ሜትር” የሚሉ ጽሑፎች በብዛት ይታያሉ። የእጅ ሬዲዮ ሞገድ ግን በአብዛኛው እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራን ሰንጥቆ አያልፍም፤ የመሬትን ክብነትም ተከትሎ እምብዛም አይሄድም። ሁለት ሰዎች ፍጹም ሜዳ በሆነ ስፍራ ቆመው አንቴናቸውን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ አድርገው ቢይዙ በስሌት የሚደርሱት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛፍ፣ ሕንፃና ጉብታ ባለበት ስፍራ ግን ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱ 100 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ቢወጣ፣ በመካከል የሚጋርድ ነገር እስከሌለ ድረስ፣ በስሌት የሚደርሱበት ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ድምፅ አልሰማ ሲል በመጀመሪያ የሚለወጠው የቆሙበት ቦታ ነው።

የኃይል መጠን የሚሰጠው ጥቅም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ምንም ጋራጅ በሌለበት ክፍት ቦታ እንኳ ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ በ5 ዋትና በ8 ዋት መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት በመስክ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ባትሪን በፍጥነት የሚጨርሰው ግን ከፍተኛው ኃይል ነው። ከተጨማሪ ዋት ይልቅ የተሻለ አንቴና መግዛት ይመረጣል። አንቴናው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መያዝ አለበት። አንቴና ሳይገጠም መናገር መሣሪያውን ሊያበላሽ ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም።

3. ቪኤችኤፍ ወይስ ዩኤችኤፍ?

አነስተኛ ዋጋ ያላቸው የእጅ ሬዲዮዎች በአብዛኛው በሁለት የፍሪኩዌንሲ ክልሎች ይሠራሉ። አንደኛው ቪኤችኤፍ ሲሆን በተለምዶ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ሁለተኛው ዩኤችኤፍ ሲሆን ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቪኤችኤፍ በገጠር፣ በደንና በክፍት መልክዓ ምድር የተሻለ ይሆናል፤ አንቴናው ግን ረዘም ይላል። ዩኤችኤፍ በሕንፃዎች መካከልና በሕንፃ ውስጥ ይመረጣል፤ አንቴናውም አጭር ነው። በሁለቱም የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ምርጫ የሚወሰነው በተሰጠው ፈቃድ ስለሆነ ፈቃዱ ሳይታወቅ መግዛት አይገባም።

4. ባትሪ

በአደጋ ጊዜ ባትሪው ያለቀ ሬዲዮ ከሸክም አይሻልም። የባትሪ አቅም በሚሊአምፒር ሰዓት ይለካል። ለምሳሌ አንድ የ5 ዋት ሬዲዮ ሲናገሩበት 1,500፣ ሲያዳምጡበት 350፣ ዝም ብሎ ሲጠብቅ 65 ሚሊአምፒር ይወስዳል እንበል። ከጊዜው 5 በመቶ በመናገር፣ 5 በመቶ በማዳመጥ፣ ቀሪው 90 በመቶ በመጠባበቅ ቢያልፍ 1,800 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 12 ሰዓት ያህል ይቆያል። በፍለጋና በነፍስ አድን ሥራ ግን ንግግር ይበዛል። መናገሩና ማዳመጡ እያንዳንዳቸው ወደ 20 በመቶ ቢያድጉ ያው ባትሪ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ አያገለግልም። በሰላሙ ቀን ሙሉ ቀን የዋለ ባትሪ በአደጋው ቀን እስከ እኩለ ቀን ላይደርስ ይችላል ማለት ነው።

በመሆኑም ለእያንዳንዱ ሬዲዮ ቢያንስ አንድ ተለዋጭ ባትሪ መያዝ ያስፈልጋል። ከሞባይል መሙያ፣ ከፓወር ባንክ ወይም ከፀሐይ ኃይል መሙያ በዩኤስቢ ገመድ የሚሞላ ዓይነት፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት አካባቢ ብልጫ አለው። ተራ ድንጋይ ባትሪ የሚቀበል መያዣ የሚገጠምላቸው ዓይነቶችም በገጠር ይጠቅማሉ። ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ እንደ ሰሜን ተራሮች ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ተለዋጩን ባትሪ ከልብስ ውስጥ፣ ከሰውነት አስጠግቶ መያዝ ተገቢ ነው። እንደ ዳሎል ባሉ በረሃማ ቦታዎች ደግሞ መሣሪያውን በፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው ባትሪውን ይጎዳል። በአውሮፕላን ሲጓዙ ተለዋጭ የሊቲየም ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይደለም።

5. የመሣሪያው ጥንካሬ

የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ “አይፒ” በሚል ምልክትና በሁለት አኃዝ ይገለጻል። የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን ይመለከታል። አይፒ54 ከአቧራና ከውኃ ፍንጣቂ ይጠብቃል፤ አይፒ67 አቧራ ፈጽሞ የማያስገባ፣ በ1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥም እስከ 30 ደቂቃ የሚቋቋም ነው። ምንም ደረጃ ያልተጻፈበት ርካሽ መሣሪያ ለክረምት ጉዞ ሲያዝ በስስ ፕላስቲክ ከረጢት መጠቅለል ይኖርበታል፤ ስስ ፕላስቲክ ሞገዱን አያግድም፣ ድምፁንም ብዙ አያፍንም።

6. የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው

በርካሽ ዋጋ ከሚገኙት ውስጥ ሁለት ዓይነቶች ይበዛሉ። አንደኛው ስክሪንና የቁጥር ሰሌዳ ያለው፣ ተጠቃሚው ራሱ ፍሪኩዌንሲ የሚያስገባበት ነው። ሌላው ስክሪን የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 ቻናሎች ያሉት፣ በላዩ ላይ ባለ መዞሪያ ቻናል የሚመረጥበት ነው። ለአብዛኛው ቡድን ሁለተኛው ይሻላል። ባለሙያ የተፈቀዱትን ፍሪኩዌንሲዎች አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ከሞላው በኋላ ተጠቃሚው ሳያውቅ ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ አይገባም። በቁጥር ሰሌዳው ዓይነት ግን በስሕተት የፖሊስን፣ የአምቡላንስን ወይም የሌላ አገልግሎትን መገናኛ ማወክ ይቻላል፤ ይህም የሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል። በጨለማም ሆነ በጓንት እጅ፣ በድንጋጤም ጊዜ ቢሆን መዞሪያ ማዞር ቁጥር ከመጫን ይቀላል።

መደበኛ የኤፍኤም ስርጭት የሚቀበል መሣሪያ በአደጋ ጊዜ ይፋዊ መግለጫ ለመስማት ስለሚያስችል ይጠቅማል። የቁልፍ መቆለፊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ የኃይል ምርጫ እንዲሁም ጠንካራ የቀበቶ መያዣ ሊኖሩት ይገባል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻናሎችና ባለ ቀለም ስክሪን ግን ለነፍስ አድን ሥራ የሚጨምሩት ነገር እምብዛም የለም።

7. የሚግባቡ መሣሪያዎች

ሁለት ሬዲዮዎች እንዲግባቡ አራት ነገሮች መመሳሰል አለባቸው፦ ፍሪኩዌንሲው፣ የቻናሉ ስፋት (12.5 ወይም 25 ኪሎኸርዝ)፣ የድምፅ ኮዱ፣ እንዲሁም አሠራሩ አናሎግ ወይም ዲጂታል መሆኑ። ከሁሉ ይልቅ ስሕተት የሚበዛበት የድምፅ ኮዱ ነው። አንዳንድ አምራቾች “የምስጢር ኮድ” ቢሉትም ንግግሩን አይሸሽግም፤ ኮዱ የሌለውን ድምፅ ተቀባዩ እንዳይሰማ ብቻ ያደርጋል። ስለዚህ ኮድ ያጠፋ ወይም የሌለው ማንኛውም ሰው ንግግሩን መስማት ይችላል። በአንጻሩ ኮድ ያበራ ቡድን፣ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ያለ ኮድ እርዳታ የሚጠይቅን ሰው ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ለአደጋ ጊዜ የተመደበው ቻናል ያለ ኮድ ቢሆን ይመረጣል፤ የተጎጂዎችን ስምና የግል ጉዳይም በሬዲዮ አለመናገር ይገባል።

8. የበጀት አደላደል

በአነስተኛ በጀት የሚገዛ ቡድን አንድ ውድ ሬዲዮ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ቀላል ሬዲዮዎችን ቢገዛ ይጠቀማል። ተመሳሳይ ሞዴል ሲሆን ባትሪውም፣ ቻርጀሩም፣ አንቴናውም ይለዋወጣል፤ ሥልጠናውም አንድ ይሆናል። ከተመደበው ገንዘብ ለፈቃድ፣ ለተለዋጭ ባትሪና ለአንቴና የሚሆነው አስቀድሞ ይቀመጥ፤ በቀረው መሣሪያው ይገዛ።

9. ከግዢ በኋላ፦ ልምምድና ስምምነት

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህም መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ወገኖቻቸውን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ በተከተለው ናዳ የተያዙ ይገኙበታል። በአደጋ ስፍራ ቀድሞ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከሚቆፍሩት ሰዎች ርቆ፣ ከማዶ ሆኖ ተዳፋቱን የሚመለከት አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ መቆሙ፣ ከሚቆፍሩትም አንዱ ሌላውን ሬዲዮ በደረቱ አንግቶ መሥራቱ፣ ለመሸሽ የሚበቃ ጥቂት ጊዜ ሊያስገኝ ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ቻናሉም የማስጠንቀቂያው ቃልም አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። ሬዲዮ ሊበላሽ ስለሚችል ፊሽካም አብሮ መያዝ አለበት።

እያንዳንዱ ቡድን የሚከተሉትን በጽሑፍ ተስማምቶ ሊለማመድባቸው ይገባል።

ሀ. ዋናና ተለዋጭ ቻናል የትኛው እንደሆነ፤

ለ. ግንኙነት ቢቋረጥ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ለ5 ደቂቃ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ማዳመጥ፤

ሐ. የመናገሪያውን ቁልፍ ከተጫኑ በኋላ አንድ ሰከንድ ቆይቶ መናገር፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤

መ. የእርዳታ ጥሪ ሲደረግ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳና ምን እንደሚፈለግ በዚሁ ቅደም ተከተል መግለጽ፤

ሠ. መልእክቱን የተቀበለው ሰው ቦታውንና ቁጥሩን ደግሞ እንዲናገር ማድረግ፤

ረ. በወር አንድ ጊዜ ባትሪዎችን መሙላትና ሬዲዮዎቹን በሚሠራባቸው ቦታ ላይ መፈተሽ።

የስልክ አገልግሎት ባለበት ቦታ ሁሉ የእርዳታ ጥሪ በቅድሚያ በስልክ ሊደረግ ይገባል። የእጅ ሬዲዮ ስልኩ በማይሠራበት ስፍራ በቅርብ ያለውን ሰው ለመድረስ የሚያገለግል ነው። ፈቃዱ የተሟላ፣ ባትሪው የተሞላ፣ አዳማጩም የታወቀ ከሆነ በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ ሬዲዮ ለዚህ ይበቃል።