ቢሊዮኖች ያልገዙት መኪና፤ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ መኪና ውጥን ለምን ከሸፈ?

የስልክ፣ የኮምፒውተርና የቤት ውስጥ መገልገያ ገበያን የሚመሩ፣ ካዝናቸው የሞላ ኩባንያዎች ባለፉት ዓመታት የኤሌክትሪክ መኪና ለመሥራት ተነሥተዋል። ከእነዚህ መካከል አንዲት መኪና እንኳ ለገበያ ሳያቀርቡ የተመለሱ አሉ፤ ካቀረቡ በኋላ በገንዘብ እጦት የተሰናከሉም አሉ። የአንዳንዶቹ ታሪክ ሲመረመር ለውድቀት ያበቃቸው የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የመኪና ሥራ ጠባይ ከለመዱት ሥራ የተለየ መሆኑ እንደኾነ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለአዲስ ገቢዎች በር የከፈተ መስሎ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ከነዳጅ ሞተር ጋር ሲነጻጸር ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ የመኪናው አሠራርም በአብዛኛው በሶፍትዌር ይመራል። ስለዚህ መኪናን ጎማ እንደተገጠመለት ኮምፒውተር የቆጠሩት ብዙዎች ነበሩ።

የአፕል ዐሥር ዓመታት

የአሜሪካው አፕል «ታይታን» በሚል የምሥጢር ስም የሚታወቀውን ውጥን የጀመረው በ2014 ነው። ኩባንያው የራሱን መኪና ለሕዝብ አሳይቶ አያውቅም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ግን በ2017 ኩባንያቸው ራስን በራስ በማሽከርከር ቴክኖሎጂ ላይ እየሠራ መሆኑን አምነዋል፤ በዚያው ዓመትም አፕል በካሊፎርኒያ መንገዶች ላይ ሙከራ ለማድረግ ፈቃድ አግኝቷል።

ከውጥኑ ችግሮች አንዱ ምን ዓይነት መኪና እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ውሳኔ አለማግኘቱ ነው። መሪና ፔዳል የሌለው፣ ያለ ሰው እገዛ የሚጓዝ መኪና ይሁን ወይስ አሽከርካሪ የሚነዳው የተለመደ መኪና የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲንከባለል ቆየ። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች በተደጋጋሚ ተለዋወጡ፤ ዕቅዱም አብሮ ተቀያየረ።

ሁለተኛው እንቅፋት የኩባንያው የአሠራር ልማድ ነበር። አፕል ስልኮቹን ይነድፋል፤ የመገጣጠሙን ሥራ ግን ለሌሎች ይሰጣል። በመኪናው ሥራ ይህን መንገድ መከተል ቀላል አልኾነም። በ2021 መጀመሪያ የደቡብ ኮሪያዎቹ ሒዩንዳይና ኪያ ከአፕል ጋር በመኪና ጉዳይ እየተነጋገሩ አለመሆናቸውን በይፋ አስታወቁ። ስመ ጥር መኪና አምራቾች የራሳቸውን ስም ትተው የሌላ ኩባንያ ገጣጣሚ ለመሆን አይጣደፉም።

በ2024 መጀመሪያ ውጥኑ ተዘጋ። በወቅቱ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ይሠሩበት እንደነበር ተዘግቧል፤ ከፊሎቹ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል ሲዛወሩ ሌሎች ሥራቸውን አጥተዋል። የኒውዮርክ ታይምስ ዘገባ እንደሚያመለክተው ለውጥኑ የወጣው ገንዘብ ከ10 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል።

የዳይሰን ሒሳብ

በአቧራ መጥረጊያ ማሽኖቹ የሚታወቀው የብሪታኒያው ዳይሰን በ2017 ለመኪናና ለባትሪ ሥራ 2 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚመድብ አስታወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ፋብሪካውን በሲንጋፖር ለመገንባት ወሰነ። በጥቅምት 2019 ግን ሥራው መቆሙን ገለጸ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መኪናው አልነበረም ማለት አይቻልም። ሰባት ሰው የሚይዝና የሚነዳ የሙከራ ናሙና ተሠርቶ ነበር፤ በአንድ ቻርጅ 600 ማይል፣ ማለትም 965 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲጓዝ ታስቦ ነበር። ያልተሳካው ሒሳቡ ነው። መሥራቹ ጄምስ ዳይሰን ኋላ ላይ እንደተናገሩት ወጪውን ለመመለስ አንዱ መኪና 150,000 ፓውንድ መሸጥ ነበረበት፤ እስከዚያው ድረስ የወጣው ደግሞ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ነባር አምራቾች በኤሌክትሪክ መኪና የሚደርስባቸውን ኪሳራ ከነዳጅ መኪና በሚያገኙት ትርፍ ይሸፍናሉ። ዳይሰን ይህ መደገፊያ አልነበረውም።

በቻይና የታየው

በቻይና የኢንተርኔት ቪዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ የነበረው ሌኢኮ በ2016 የኤሌክትሪክ መኪና ናሙና አሳየ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን በገንዘብ እጥረት ተናጋ። የፍለጋ ድረ ገጽ ባለቤቱ ባይዱ ከመኪና አምራቹ ጂሊ ጋር ያቋቋመው ጂዩዌ ደግሞ መኪኖቹን መሸጥ ከጀመረ በኋላ በታኅሣሥ 2024 በገንዘብ ችግር ተሽመደመደ። ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው፣ ደንበኞች ስለ ጥገናና መለዋወጫ ሲጨነቁ ሁለቱ ባለ አክሲዮኖች ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት እንዳይቋረጥ እንደሚሠሩ ቃል ገቡ።

መኪና ከስልክ የሚለይበት

የስልክ ሶፍትዌር ቢሳሳት ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ይቻላል፤ የፍሬን ስሕተት ግን ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና የግጭት ፈተና፣ ፈቃድና ለረጅም ዓመታት የሚዘልቅ የጥገና ዋስትና ይጠይቃል። ፋብሪካው አንድም መኪና ሳይሸጥ ብዙ ቢሊዮን ይበላል፤ ትርፉም አፕል ከስልክ ከለመደው በእጅጉ ያነሰ ነው። ከናሙና ወደ ብዛት ምርት የሚደረገው ሽግግር ቴስላን እንኳ ለኪሳራ አቃርቦታል፤ ኢሎን መስክ «ሞዴል 3» ማምረት በተጀመረባቸው ዓመታት ኩባንያቸው ለመክሰር አንድ ወር ገደማ ቀርቶት እንደነበር ተናግረዋል።

ይሁንና መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። የቻይናው ስልክ አምራች ሺያኦሚ በ2021 መኪና እንደሚሠራ አስታውቆ በ2024 የመጀመሪያ መኪናውን ለገበያ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ብቻ ከ135,000 በላይ ለደንበኞች አስረከበ። ዕቅዱ አሽከርካሪ የሚነዳው የተለመደ መኪና ነበር፤ ፋብሪካውን ራሱ ቤጂንግ ውስጥ ገነባ፤ ባትሪና ሌሎች ክፍሎችንም ከአገሩ አቅራቢዎች በቅርብ አገኘ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። መንግሥት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ ከሚገቡት ብዙዎቹም የቻይና ሥሪት ናቸው። በመሆኑም ገዢው ከዋጋውና አንድ ቻርጅ ከሚያስጉዘው ርቀት እኩል ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ አምራቹ ከዓመታት በኋላም ባትሪ፣ መለዋወጫና የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚያቀርብ አቅም ይኖረው እንደሆነ።