ፊርማ የሌለው ሸክላ፦ ከጋፋት እስከ ቸርችል ጎዳና

ቸርችል ጎዳናን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የተተከለው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚሁ ጎዳና ዳርና ዳር ለብዙ ዓመታት ለፈረንጅና ለዳያስፖራ ማስታወሻ ሲሸጡ የኖሩት ሱቆች ናቸው። መስቀሉ፣ የብራና ጽሑፉ፣ የቆዳ ሥዕሉ፣ አገልግሉ... ከዚያ ሁሉ መሀል ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ጥቁር የሸክላ ዕቃ አይጠፋም።

እስቲ እንደ ገዢ ሆናችሁ አስቡት። ዕቃውን ታነሳላችሁ። ሻጩ ዓይናችሁን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ እኮ የቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከደብረ ታቦር፣ ከጋፋት የመጣ» ይላችኋል። ትገለብጡታላችሁ። ሥሩ ላይ ምንም የለም። ስም የለ፣ ዓመተ ምሕረት የለ፣ ማኅተም የለ። ጥላሸት ብቻ። ዋጋው ግን በዕድሜው ልክ ወጥቷል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ፊርማ የሌለውን ሸክላ ዕድሜ በምን እናውቃለን? ከዚያም የሚብሰው ጥያቄ ይመጣል፦ ለመሆኑ ለምን ፊርማ አጣ?

የእናታችሁን ሲኒ ገልብጡት

ከቀላሉ እንጀምር። ቤታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ሲኒ ካለ ገልብጡት። ሲኒ ስሙም እንደሚነግረን የቻይና ዕቃ ነው፤ በኋላ ጃፓንም በብዛት ሠርታዋለች። ሥሩ ላይ ጽሑፍ ካለ ሥራችሁ ግማሽ በግማሽ አልቋል። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም ይጻፍበት ብላ በሕግ አስገደደች። የጃፓን ፋብሪካዎች በመጀመሪያ «ኒፖን» ብለው ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ ይህን ቃል አልቀበልም ስላለ «ጃፓን» ወደሚለው ዞሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች ወጡ። የፈረንጅ ዕቃ ሰብሳቢ እንግዲህ ሥሩን ገልብጦ በግማሽ ደቂቃ ዘመኑን ይነግራችኋል።

የእኛ እንስራ፣ ማሰሮና ጀበና ይህ ሁሉ የላቸውም። ስለዚህ ማንበብ ያለብን ጽሑፉን ሳይሆን ዕቃውን ነው።

ዕቃው ራሱ የሚናገረው

አንደኛ፣ አሠራሩ። የደጋው ሸክላ ሠሪ በተለምዶ የሚሽከረከር መንኮራኩር አትጠቀምም። ጭቃውን በእጇ ታቦካለች፣ በእጇ ታወጣለች፣ በድንጋይ ታለሰልሳለች፣ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በገለባና በኩበት ትተኩሳለች። ስለዚህ እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ዳብሱት። ከሥሩ እስከ አፉ እኩል የሚዞር ቀጭን መስመር ካገኛችሁ፣ በመንኮራኩር የተሠራ ነውና ወይ የዘመናዊ ወርክሾፕ ሥራ ነው ወይ ከውጭ የመጣ ነው። የጣት ዱካ፣ አንድ ቦታ ወፈር ሌላ ቦታ ሳሳ ያለ ገላ ካገኛችሁ የእጅ ሥራ ነው። ይህ ግን የእጅ ሥራ መሆኑን እንጂ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ትናንት የተሠራውም በእጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥቅሙ። ዕቃ የሚሠራው ለሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ ታሪክ አለው። ጀበናን ውሰዱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአብዛኛው የደጋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የሚነቀፍ ነገር ነበር። በክርስቲያኑ ቤት በሰፊው የገባው በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ «ከፋሲል ዘመን የክርስቲያን ባላባት ቤት የወጣ ጀበና» የሚላችሁ ሰው ካለ ፈገግ በሉና እለፉ። የሙስሊም ነጋዴ ቤት ቢላችሁ ግን ቆም ብላችሁ ስሙት፤ እዚያ ቡና ቀድሞ ነበር።

ምጣድም እንዲሁ ነው። ምጣዱን ገልብጣችሁ ከሥሩ ሽቦ የሚገባበት ቦይ ተጠምዝሞ ካያችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ከመብራት በፊት ሊሠራ አይችልም። እንስራ ደግሞ የላስቲክ ጀሪካን ሲመጣ ከሴቶች ጀርባ ወርዷል። የውኃ ገመድ ለብዙ ዓመት የፈገፈገው እንስራ ካገኛችሁ፣ ያ መፋቅ ለሽያጭ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ኑሮ የተኖረበት ዕቃ መሆኑን ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ እርጅናው። እውነተኛ እርጅና ቦታ ይመርጣል። ሥሩ ይበላል፣ ጆሮው በእጅ ወዝ ይለሰልሳል፣ ጥላሸቱ ከጉልቻው በላይ ባለው ጎን ይወፍራል። ሁሉም ቦታ እኩል የጠቆረ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቀለም የሚለቅ ዕቃ ግን እርጅናውን ያገኘው ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል።

ላቦራቶሪውስ?

«ካርበን ይለካ» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ካርበን የሚለካው በሕይወት የነበረን ነገር ነው፤ ጭቃ ደግሞ አልኖረም። ሸክላው ላይ የቀረውን ጥላሸት ወይም የተቃጠለ ወጥ መለካት ይቻላል። ግን እ.ኤ.አ. ከ1650 እስከ 1950 ድረስ ባለው ጊዜ የካርበን መለኪያው መስመር ወጣ ገባ ይላል፤ አንድ ልኬት ለበርካታ ዘመናት ይስማማል። በአጭሩ የዓፄ ቴዎድሮስን ዘመን ጥላሸት ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጥላሸት በቀላሉ አይለይም። አንድ ነገር ግን ጥሩ አድርጎ ይለያል፦ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየሩ ውስጥ ያለውን ካርበን 14 አብዝተውታል። ስለዚህ ሸክላው የተተኮሰበት ገለባ ከዚያ በኋላ የበቀለ ከሆነ ይጋለጣል። «የቴዎድሮስ ዘመን» የተባለው ዕቃ የጃንሆይ ወይም የደርግ ዘመን ሆኖ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው።

ለሸክላ የተሻለው መንገድ በሙቀት የሚወጣ ብርሃንን መለካት ነው። ጭቃው ውስጥ ያሉት የአሸዋ ቅንጣቶች ከአካባቢያቸው የሚመጣ ጨረር ጉልበት እያጠራቀሙ ይኖራሉ። ሸክላው 500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ያ ሁሉ ይወጣና ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ላቦራቶሪ ውስጥ እንደገና ሲሞቅ የሚወጣው ብርሃን ከመጨረሻው ከባድ እሳት ወዲህ ያለውን ጊዜ ይናገራል። «የመጨረሻው» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ቤቱ በቃጠሎ የወደመበት ሰው ማሰሮ የሚነግረን ቃጠሎውን እንጂ የተሠራበትን ቀን አይደለም።

ይህ ነገር ደግሞ በቀጥታ ወደ ደብረ ታቦር ይወስደናል።

አሥር ዓመት ያልሞላው መንደር

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለ ቦታ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና የመጡትን የእደ ጥበብ ሚሲዮናውያን፣ እነ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየርን፣ እንዲሁም ሞሪትዝ ሆልን የመሰሉ ሌሎች አውሮፓውያንን ያሠሩት እዚህ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች መድፍ አፍሳሽ ሆኑ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተፈሰሰ። ንጉሡ በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሁሉም ነገር አበቃ። ጋፋት እንደ ኢንዱስትሪ መንደር የኖረችው አሥር ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው።

ታዲያ ይህ ከሸክላ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። መድፍ ከነሐስ በፊት ጭቃ ይፈልጋል። ምድጃው የሚሠራው እሳት በሚችል ጭቃ ነው። የቀለጠው ብረት የሚፈስበት ቅርጽ ጭቃ ነው። ወናፉ ነፋሱን ወደ ፍሙ የሚያስገባበት አፍ የሸክላ ቱቦ ነው። ስለዚህ እውነተኛው «የጋፋት ሸክላ» ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው የሚያብረቀርቅ ማሰሮ ሳይሆን፣ አንድ ጫፉ በእሳት ብዛት እንደ ጠርሙስ የቀለጠ፣ ምናልባትም የነሐስ ነጠብጣብ ወይም የብረት አር የተጣበቀበት አስቀያሚ ገል ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለውን ማንም አይገዛም፤ ለታሪክ ግን ከአሥር ማሰሮ ይበልጣል።

እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የአካባቢው ቀጥቃጮች ከቴዎድሮስ በፊትም ከቴዎድሮስ በኋላም ወናፍ ነፍተዋል። ገሉን የ1850ዎቹ ዓ.ም. የሚያደርገው የተገኘበት አፈር ነው፦ ከየትኛው ንብርብር ወጣ? አጠገቡ ምን ነበር? ከእሱ በላይ የቃጠሎ አመድ አለ ወይ? አንድ ሰው ከመሬት አንስቶ ኪሱ በከተተው ቅጽበት ይህ ሁሉ መልስ ይጠፋል። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ የሚያዝዘው ለዚህም ነው። ሻጩ «ከጋፋት ነው» ሲላችሁ እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እየዋሸ ነው፣ ወይ ደግሞ ታሪኩን የዘረፈውን ዕቃ እየሸጠላችሁ ነው።

ስሙ ለምን አልተጻፈም?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የጋፋት አውሮፓውያን ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከእነሱ ጋር ጭቃ ያቦኩት፣ ወናፍ የነፉት፣ ድንጋይ የተሸከሙት፣ መድፉን የጎተቱት ሰዎች ስም ግን የለም። ይህ የማንበብና የመጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ባለ እጅ መሆን ነውር ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸክላ የምትሠራው ቡዳ ትባል ነበር። በማሰሮዋ ወጥ ሠርቶ የሚበላው ሰው ዓይኗን ይፈራ ነበር። ቡዳ የተባለች ሴት በዕቃዋ ላይ ስሟን ትጽፋለች ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው።

በጎንደር ዙሪያ ይህን ሸክም በዋናነት ከተሸከሙት መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው ዓፄ ይስሐቅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትና ያልተነሣ ርስት አይውረስ አሉ። ርስት ያጣ ሰው ደግሞ በእጁ ከመኖር በቀር ምን ምርጫ አለው? ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው፣ ይቀጣል የሚል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ቱሪስት ሲበዛ የወለቃ ሴቶች ከማሰሮው ጎን ትናንሽ ምስሎች ይሠሩ ጀመር፦ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ። ዛሬ እነዚህ ምስሎች በዓለም ዙሪያ በየሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ «የቤተ እስራኤል ሥራ» ተብለው ተቀምጠዋል። ነገር ግን ብዙው የቤተ እስራኤል ሕዝብ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ተኩል ቀን ውስጥ በአየር ተጭኖ ወደ እስራኤል ሄዷል። ምስሎቹ ግን መሠራታቸው አልቆመም። የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ሥራውን ቀጠሉበት፤ ኮከቡንም ጭምር። ስለዚህ የዳዊት ኮከብ የሠሪዋን ሃይማኖት አይመሰክርም፣ ዘመኗንም አይናገርም። ከ1983 በፊት ይሁን በኋላ የሚለየው ዕቃው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ወረቀት ነው፦ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ የስጦታ ደብዳቤ። ያ ከሌለ፣ አሁን እስራኤል አገር ያለች አንዲት አያት የሠራችው ምስል ከትናንቱ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። እሷም ሁለት ጊዜ ስሟን ታጣለች።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይላል የአገራችን ሰው። ለሌላው ደህናውን ሠርታ ለራሷ ስባሪ ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ በስባሪው ላይ «የቴዎድሮስ ዘመን» የሚል የሐሰት ዕድሜ ጨምረን እንሸጠዋለን፤ የሷ ስም ግን አሁንም የለም።

ያለፈውን መመለስ አንችልም። የሚቀጥለውን ግን እንችላለን፤ ደግሞም ከባድ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ደብረ ታቦር ገበያ ወይም ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት «እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?» በሉ። ስሟን፣ መንደሯን፣ ቀኑን፣ ጭቃውን ከየት እንደምታመጣ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ከዕቃው ጋር አኑሩ። ፈቃደኛ ከሆነች አብራችሁ ፎቶ ተነሡ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ማሰሮ የሚገለብጥ ሰው ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።