ፓስፖርት የሌለው ሰው ማነው?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶሮንቶ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ሲሰበሰቡ የቪዛ ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። የአንዱ እናት የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያዩ ይመጣሉ፤ የሌላው ባለቤት የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ደርሷታል። ምክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከሁሉ በፊት ፓስፖርቱ ይዘጋጅ! ሳይቃጠል በቅጠል ነው።» ምክሩ ትክክል ነው። ለመሆኑ ግን የትኛው ፓስፖርት? ከማንስ የሚጠየቅ? የዚህን መልስ ታሪካችን ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል።

ዛሬ የምናውቀው ፓስፖርት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው። በጦርነቱ ሰበብ መንግሥታት ድንበራቸውን ዘጉ፤ ከጦርነቱ በኋላም አልከፈቱትም። በ1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ፓሪስ ላይ ባደረገው ጉባኤ ባለ 32 ገጹ ደብተር መለኪያ ሆነ። ወዲያው ግን አንድ እንቆቅልሽ መጣ፦ መንግሥቱ የካደው ሰው ፓስፖርት ከማን ያግኝ? መልሱ በ1922 ለሩሲያ ስደተኞች የተሰጠው በናንሰን ስም የሚጠራው ወረቀት ነበር። የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነትም ይህንኑ ሐሳብ ወርሶ ስደተኛውን የተቀበለው አገር የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠው ደነገገ። ካናዳም ኢትዮጵያም ስምምነቱን የተቀበሉት በዚያው በ1969 ነው።

ከዚያ አምስት ዓመት ሳይሞላ ደርግ ሥልጣን ያዘ። ፓስፖርት ማግኘት ብርቅ ሆነ፤ ቢገኝ እንኳ ያለ መውጫ ቪዛ ከቦሌ ማለፍ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ብዙው ወጣት በመተማና በሑመራ ወደ ሱዳን፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ በእግሩ ወጣ። ነፍሱን ይዞ ሌሊት የሚጓዝ ሰው ፎቶግራፍና ማኅተም ያለበት ደብተር ከየት ያመጣል? ደብተሩን የሚሰጠው እኮ የሚሸሸው መንግሥት ነው!

ካናዳ ለዚህ ሰው ሁለት ፊት አሳይታዋለች። የመጀመሪያው ብሩህ ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሲንግ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በካናዳ ምድር ላይ ያለ ማንኛውም ሰው የመብቶች ቻርተሩ ጥበቃ አይነፈገውም፤ ጥገኝነት ጠያቂውም በአካል ቀርቦ ሊደመጥ ይገባል አለ። ሁለተኛው ፊት የታየው በ1993 ነው። በዚያ ዓመት በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ስደተኛነቱ የተረጋገጠለት ሰው እንኳ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ፓስፖርት ወይም ሌላ አጥጋቢ የማንነት ሰነድ ያቅርብ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት «አዎን፣ ከመንግሥትህ ሸሽተሃል» ብሎ ያመነውን ሰው፣ ሌላው «ከዚያው መንግሥት ወረቀት አምጣ» አለው ማለት ነው። ወረቀቱን ያላገኘ ቋሚ ነዋሪ አልሆነም፤ ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ሚስቱንና ልጆቹን ማስመጣት አልቻለም። በ1997 መንግሥት መፍትሔ ያለውን አወጣ፤ ይህም ለሶማልያና ለአፍጋኒስታን ተወላጆች ብቻ ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ አምስት ዓመት እንዲጠብቁ ተደረገ። በ1999 ወደ ሦስት ዝቅ አለ። ኢትዮጵያውያን በዝርዝሩ አልነበሩም።

ቋጠሮው የላላው በ2002 በሥራ ላይ በዋለው አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግና ደንብ ነው። ፓስፖርት ማቅረብ ያልቻለ ጥገኝነት ያገኘ ሰው በቂ ምክንያት ካለው፣ ራሱ በመሐላ ቃሉን ይሰጣል፤ ካናዳ ከመግባቱ በፊት የሚያውቀው ሰው ወይም የአገሩን ተወላጆች የሚወክል ድርጅት ባለሥልጣንም ይመሰክርለታል። ልብ በሉ! «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ጎረቤት እንደሚመሰክርበት እንደ አገራችን ልማድ ሁሉ፣ ሕጉም ሰው በሰው እንደሚታወቅ አመነ። ማኅበሮቻችንን ለበዓል ድግስ ብቻ የምናስባቸው ከሆነ ተሳስተናል።

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። ጥገኝነት አግኝቶ ገና ዜግነት ያልወሰደ ወገናችን «ፓስፖርትህን አዘጋጅ» ሲባል ወደ ኦታዋው ኤምባሲ ሮጦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢያሳድስ፣ «ወደ ሸሸኸው መንግሥት ጥበቃ ተመልሰሃል» ሊባል ይችላል። ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በዚህ ምክንያት ጥገኝነቱን ያጣ ሰው ቋሚ ነዋሪነቱንም አብሮ ያጣል። ለእርሱ ትክክለኛው ደብተር ካናዳ የምትሰጠው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ እርሱም ለሸሸበት አገር አያገለግልም። የለቅሶ መርዶ ሰምቶ በችኮላ ከመወሰን በፊት የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ይበጃል።

ከአገር ቤት ለሚመጡት ዘመዶቻችን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የእናት ፓስፖርት ቀኑ ሊያልፍ ሳይቃረብ ይታይ። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተመዘገበው የልደት ቀን በትክክል መመለሱ፣ ስማቸው በፓስፖርቱ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በማመልከቻው ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉ ይጣራ። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር የእናትና የልጅ ስም ለምን እንደሚለያይ ጠያቂው ላያውቅ ይችላል፤ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው።

ፓስፖርት ማዘጋጀት ለሚችል ሰው ማዘጋጀት ብልህነት ነው። ማዘጋጀት ያልቻለውን ግን እንደ አጥፊ አንየው። ደብተሩ ሰውየውን አልፈጠረውም፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ወይም አባቶቻችን እዚህ የደረስነው ያለ እርሱ ነውና።