የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ኃይል መሙያ ጣቢያዎች ከርቀት የሚመሩበት አሠራር፦ የደብረ ብርሃን፣ የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ መስመር

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ኃይል መሙያ ጣቢያ እንደ ነዳጅ ማደያ ቀጂ ሠራተኛ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ አይደለም። በብዙ ጣቢያዎች ማሽኑ ብቻውን ነው። አገልግሎቱን የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ ሒሳቡን የሚይዘውና ብልሽት ሲደርስ አስቀድሞ የሚያውቀው በሌላ ከተማ ባለ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ይህ ጽሑፍ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ፣ ከርቀት ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል፣ ረጅም ጉዞ ያሰበ ተገልጋይም ከዚህ በመነሣት ምን ማረጋገጥ እንደሚገባው ያብራራል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ መንገዶችም እየታየ ነው። አገሪቱ የምታመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ ውሳኔው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ ያለመ ነው። ይሁን እንጂ ከተማ ውስጥ የሚመላለስ ሰው አንዱ ጣቢያ ባይሠራ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሩቅ ተጓዥ ግን ይህ አማራጭ የለውም።

የመንገዱ ጠባይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው ጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያም ቁልቁለቱን ጨርሶ 1300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በከሚሴ በኩል የይፋትን ቆላ እየታከከ ወደ ኮምቦልቻ ያመራል። ይፋት በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጡ ነጋዴዎች የሚያልፉበት አገር ነበር፤ የጥንት ከተሞቹ ፍርስራሽ ዛሬም በሸዋ ሮቢት አካባቢ ይታያል። ያኔም ቢሆን ከቆላው ወደ ደጋው ለሚወጣ ሲራራ ነጋዴ የአጋሰሱ ጉልበት ዋና ጉዳይ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ስለሚሠራ የተወሰነ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ችግሩ በመልስ ጉዞው ነው። ከነተሳፋሪው 1800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ የጎማና የነፋስ ግፊት ሲጨመር ፍጆታው ከዚህም ይበልጣል። ይህ መጠን በሜዳ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። ስለዚህ ቆላ ወርዶ ባትሪው ያለቀበት አሽከርካሪ ጣቢያ ላይ ደርሶ ማሽኑ የማይሠራ ሆኖ ቢያገኘው፣ በዳሽቦርዱ ላይ የቀረው ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን ያደርሰኛል ብሎ መተማመን የለበትም።

ማሽኑና ማዕከሉ የሚነጋገሩበት መንገድ

ኃይል መሙያው በውስጡ ትንሽ ኮምፒዩተር አለው። በሲም ካርድ ወይም በኬብል ኢንተርኔት አማካይነት ከአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ሁለቱ የሚግባቡበት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ደንብ በአጭሩ ኦሲፒፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ ተጀምሮ ዛሬ የተለያዩ ፋብሪካዎች ማሽኖች በአንድ ሶፍትዌር እንዲመሩ አስችሏል። ይህ ለተገልጋዩም ትርጉም አለው፤ ደንቡን የማይከተል ማሽን የገዛ ባለሀብት የሶፍትዌር አቅራቢው ሥራውን ቢያቆም ማሽኑን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ለማዛወር ይቸገራል፤ ጣቢያውም ሊዘጋ ይችላል።

በዚህ ግንኙነት ማሽኑ ክፍት፣ የተያዘ ወይም የተበላሸ መሆኑን ይናገራል፤ በየጊዜው የቆጣሪውን ንባብ ይልካል፤ ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ አገልግሎት ሰጪው በወሰነው የጊዜ ልዩነት፣ ለምሳሌ በየ5 ደቂቃው፣ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ያስተላልፋል። ማዕከሉ በበኩሉ አገልግሎቱን እንዲጀምር፣ እንዲያቆም፣ ጠፍቶ እንዲነሣ ወይም ሶፍትዌሩን እንዲያድስ ያዛል።

ማሽኑ ዝም ሲል

ተገልጋዮች ከሁሉ በላይ ሊያስተውሉት የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በስልክ መተግበሪያ ላይ «ክፍት» ተብሎ የሚታይ ጣቢያ፣ ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ በተናገረበት ሰዓት ክፍት የነበረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ማሽኑ ይህን ለመናገር ዕድል አላገኘም፤ አብሮ ጠፍቷል። ኔትወርክ ተቋርጦ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ በሚገባ እየሠራ ማዕከሉ ላይሰማው ይችላል። ከማዕከሉ ወንበር ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ የሚታየው ዝምታ ብቻ ነው። ለዚህ መፍትሔው የመገናኛ መሣሪያው ላይ አነስተኛ መጠባበቂያ ባትሪ መግጠም ነው፤ መብራት ሲጠፋ «ኃይል ተቋርጧል» የሚል የመጨረሻ መልእክት ለመላክ ይበቃል። ዋጋው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከዋና ከተማ በራቀ ጣቢያ ይህ አለመኖሩ ትልቅ ጉድለት ነው።

በጥንቃቄ የተሠራ መተግበሪያ ከሁኔታው ጎን የመጨረሻውን ግንኙነት ሰዓት ያሳያል፤ ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ሲጠፋም «ክፍት» የሚለውን ቃል አንሥቶ «ግንኙነት የለውም» ይላል። ሰዓት የማያሳይ መተግበሪያ የሚጠቀም ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት ለጣቢያው ስልክ ደውሎ «ዛሬ ተሽከርካሪ ሞልቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከሥዕሉ የተሻለ መረጃ ያገኛል።

ኔትወርክ ሲቋረጥ አገልግሎቱ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል የሚለው በአገልግሎት ሰጪው አሠራር ይወሰናል። አስቀድሞ የታወቁ ደንበኞች የካርድ ቁጥር በማሽኑ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጎ ከሆነ ባለካርዱ መሙላት ይችላል፤ ማሽኑ ሒሳቡን ይዞ ቆይቶ ግንኙነቱ ሲመለስ ይልካል። ክፍያው በስልክ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ ግን ማሽኑ መብራት እያለው ተገልጋዩን ሳያስተናግድ ሊቀር ይችላል።

ከርቀት የሚስተካከለውና የማይስተካከለው

ብዙ እክል የሶፍትዌር ነው። የተንጠለጠለ ሒሳብ፣ ሳይጠናቀቅ የቀረ ክፍያ ወይም የደነዘዘ ስክሪን ማሽኑን ከማዕከል አጥፍቶ በማስነሣት ይፈታል፤ ይህም ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከመላክ ያድናል። የማይፈታም አለ። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ተጭኖ ከሆነ ማዕከሉ መጫኑን ያያል እንጂ ሊመልሰው አይችልም፤ የአደጋ ምክንያት አለመኖሩ ተረጋግጦ በእጅ ተጠምዝዞ መለቀቅ አለበት። የተቆረጠ ገመድ፣ የታጠፈ የሶኬት ጥርስ፣ የወደቀ ዋና ብሬከር ወይም የተቃጠለ ትራንስፎርመርም ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጣቢያው በአካባቢው የሚኖር፣ ቁልፍ የያዘና መጠነኛ ሥልጠና የወሰደ ሰው ከሌለው ሶፍትዌሩ ምንም ያህል ቢራቀቅ ችግሩን ከማየት አያልፍም።

ገመዱ ተሽከርካሪው ላይ ተቆልፎ የቀረበት ሰው በጉልበት መሳብ የለበትም። በፈጣን መሙያ በሲሲኤስ 2 ዓይነት ሶኬት ቁልፉ ያለው በተሽከርካሪው በኩል ነው፤ ማዕከሉ አገልግሎቱን ካቆመ በኋላ ባለቤቱ የመኪናውን በር በቁልፉ ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። በብዙ የቻይና ተሽከርካሪዎች ላይ በሚገኘው ጂቢቲ ዓይነት ግን መቆለፊያው መሙያው እጀታ ላይ ነው።

ኃይል የሚቀንስበት ምክንያት

አንድ ጣቢያ የተፈቀደለት ኃይል 160 ኪሎዋት ሆኖ እያንዳንዳቸው 120 ኪሎዋት የሚሰጡ ሁለት መሙያዎች ቢኖሩት፣ ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ 80 ኪሎዋት ያካፍላል። አንደኛው ባትሪ ወደ መሙላቱ ሲቃረብ የሚወስደው ኃይል በራሱ ስለሚቀንስ የተረፈው ለሌላው ይሰጣል። በቆላው ሙቀት ደግሞ ማሽኑም ሆነ ባትሪው ሲግሉ ራሳቸውን ለመጠበቅ ኃይል ይቀንሳሉ፤ የማቀዝቀዣው ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን ይህ ይብሳል፤ ማዕከሉም የሙቀት መጠኑን ማየት ስለሚችል ማጣሪያው ሳይቆይ እንዲጸዳ ሊያዝ ይገባዋል። ተገልጋዩ በኪሎዋት ሰዓት የሚከፍል ከሆነ መዘግየቱ ዋጋ አይጨምርበትም። በደቂቃ የሚከፍል ከሆነ ግን ይጨምርበታል፤ ስለዚህ የዋጋው ስሌት ከመሙላት በፊት መታወቅ አለበት።

ክፍያ፣ ደረሰኝና የግል መረጃ

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በከፈተው የኃይል መሙያ ጣቢያ ክፍያው በቴሌብር ይፈጸማል። በየትኛውም ጣቢያ ቢሆን ደረሰኙ የተሞላውን ኪሎዋት ሰዓት፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ቢያሳይ ለክርክር አያስቸግርም። ግንኙነት በተቋረጠበት ጊዜ የሞላ ሰው ሒሳቡ ዘግይቶ ሊደርሰው ስለሚችል በማሽኑ ስክሪን ላይ የታየውን ንባብ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ማቆየቱ ይጠቅመዋል።

ሶፍትዌሩ ማን፣ የትና መቼ እንደሞላ ስለሚመዘግብ የአንድን ሰው የጉዞ ልማድ የሚገልጥ መረጃ ይከማቻል። ይህ መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሸፈን ሲሆን የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እክል ሲያጋጥም የሚቀርብበት ቦታ

ማሽኑ መብራት እያለው የማይሠራ ከሆነ በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ስልክ ለአገልግሎት ሰጪው ይነገራል፤ ሲደወልም የማሽኑ መለያ ቁጥርና በስክሪኑ ላይ የሚታየው የስሕተት ኮድ ቢገለጽ የማዕከሉ ባለሙያ ወዲያውኑ ያገኘዋል። አካባቢው በሙሉ መብራት የሌለው ከሆነ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ በነጻ የጥሪ ማዕከሉ 905 ማመልከት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ አሽከርካሪ ስልኩን መደወል ያለበት ቁልቁለቱን ከመውረዱ በፊት፣ ገና ደብረ ብርሃን ሳለ ነው።