የመስኮቱ ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1948 በኒውዮርኩ የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ቤተ ሙከራ አልበርት ኬልነር የተባለ ተመራማሪ ሥራው አልጨበጥ ብሎት ነበር። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የሚገኝበትን የአፈር ባክቴሪያ በአልትራቫዮሌት ጨረር ይመታና የተረፉትን ይቆጥራል። የጨረሩ መጠን ሳይለወጥ የተራፊዎቹ ቁጥር አንዴ ጥቂት፣ ሌላ ጊዜ እጅግ ብዙ ይሆንበታል።

መጀመሪያ የጠረጠረው የሙቀት ልዩነትን ነው። ናሙናዎቹን ሙቀቱ በማይለዋወጥ ውኃ ውስጥ ቢያስቀምጥም ቁጥሩ አልረጋ አለ። በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ አለ፤ የውኃው ገንዳ መስታወት ነው፣ የተቀመጠውም መስኮት አጠገብ ነው። ብርሃንን ለብቻው ሲፈትሽ ጨለማ ውስጥ ከቆዩት ይልቅ ብርሃን ያገኙት በብዙ ሺህ እጥፍ ተረፉ። እንዲህ ያለውን የተዘበራረቀ ውጤት ብዙ ሰው ጥሎት ያልፍ ነበር። ኬልነር ግን አልተወውም።

በዚያው ሰሞን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሬናቶ ዱልቤኮ ባክቴሪያ በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አየ፤ ከተደራረቡት ሳህኖች መካከል ለፍሎረሰንት መብራት የቀረበው ብዙ ተራፊዎች ነበሩት። ሁለቱም ግኝታቸውን በ1949 አሳተሙ። ጨረሩ የሚጎዳው የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ ነው፤ የዲኤንኤ ቅርጽ የታወቀው ግን በ1953 ነው፤ ስለዚህ ተጎድቶ የሚጠገነው ነገር ምን እንደሚመስል ገና የሚያውቅ አልነበረም።

ጉዳቱን በ1960 ያሳዩት የሆላንድ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጨረሩ ታይሚን ከተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ክላውድ ሩፐርት ከእርሾ ያገኘውና ኋላ ፎቶሊያዝ የተባለው ኢንዛይም በሰማያዊ ብርሃን ኃይል የተጣበቁትን ያላቅቃል።

የሰው ልጅ ግን ይህ ኢንዛይም የለውም። የእኛ ህዋሳት የሚጠቀሙት ብርሃን የማይሻ ሌላ መንገድ ነው፦ የተበላሸውን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ፣ ክፍተቱንም ጤነኛውን ሁለተኛ የዲኤንኤ ክር አብነት አድርገው ይሞላሉ። ይህ መንገድ በ1964 በባክቴሪያ ታወቀ። በሩፐርት ቤተ ሙከራ የተማረው ቱርካዊው ሐኪም አዚዝ ሳንጃር የመቁረጡን አሠራር አብራርቶ በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርቷል።

የዲኤንኤ ጥገናን ከሰው ሕመም ጋር ያገናኘው ጄምስ ክሌቨር ነው። በሳንፍራንሲስኮ ሲሠራ፣ ፀሐይ በነካቸው ቁጥር ቆዳቸው ስለሚጎዳና በልጅነታቸው የቆዳ ካንሰር ስለሚይዛቸው ሰዎች ጋዜጣ ላይ አነበበ። ሕመሙን የቪየናው ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገልጾት የነበረ ቢሆንም መንስኤው አልታወቀም ነበር። ክሌቨር የታማሚዎቹን የቆዳ ህዋሳት በጨረር መትቶ በ1968 መልሱን አሳተመ፤ ህዋሳቱ የተጎዳ ዲኤንኤያቸውን በሚገባ መጠገን ተስኗቸው ነበር።