ፊደልን የማስጌጥ ጥበብ፦ ከብራና እስከ ተንቀሳቃሽ ሥዕል

ከመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚፈሰው የኦሞ ወንዝ፣ ቱርካና ሐይቅ ከመግባቱ በፊት፣ በምሥራቅ ዳርቻው የተቆረቆረችውን ኦሞራቴን ያልፋል፤ ይህችም ከተማ በዳሰነች ሕዝብ ምድር፣ ለኬንያ ወሰን ቀርባ የምትገኝ ናት። የደቡብ ኦሞ አገር ለተንቀሳቃሽ ሥዕል እንግዳ አይደለም፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1974 አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር ሕዝብ፣ እንግሊዛዊው ሌዝሊ ውድሄድም ከሥነ ሰብእ ሊቁ ከዴቪድ ተርተን ጋራ ስለ ሙርሲ ሕዝብ የሠሯቸው ፊልሞች በዓለም ታይተዋል። የሁለቱም ርእስ የተጻፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። ዛሬ የአገሩ ልጅ ካሜራ ይዞ፣ በኮምፒዩተርም እያቀናበረ፣ የአገሩን ስም በኢትዮጵያ ፊደል በሚንቀሳቀስ ሥዕል ላይ ለመጻፍ በሚችልበት ዘመን፣ ፊደልን የማስጌጥ ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መመርመር የተገባ ነው።

የጥበቡ ሥር በብራና ላይ ነው። ቁም ጸሐፊው የተፋቀውን ብራና በወስፌ አስምሮ፣ መቃውን ቀርፆ፣ አስቀድሞ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በሚመጣበትም ስፍራ ቦታውን ክፍት ትቶ፣ በኋላ ተመልሶ በቀይ ቀለም ይሞላዋል። የምዕራፉ መነሻም እንዲሁ በቀይ ይጻፋል፤ በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል። አንዱ ሥራ በሌላው ላይ በተራ የሚነባበርበት ይህ ሥርዓት ለከንቱ ውበት የተደረገ አልነበረም፤ ቀዩ ቀለም ለአንባቢው ዓይን መሪ፣ ለተጠራውም ስም ክብር ነበረና። የጌጡ መጀመሪያ ሕግ ለንባብ ማገልገል መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የኅትመት ጥበብ በመጣ ጊዜ ፊደላችን ብዙ አተረፈ፤ ያጣውም ነገር አለ። በ1513 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዮሐንስ ፖትከን በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ ከ1548 እስከ 1549 ባለው ጊዜም ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በአገራችንም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ካቋቋሙ በኋላ መጽሐፍ ለብዙ ሰው እጅ ደረሰ። ይሁን እንጂ በእርሳስ የተቀረጸ ፊደል በአንድ ጊዜ የሚታተመው በአንድ ቀለም ስለ ሆነ፣ ሁለተኛ ቀለም የፈለገ ሰው ወረቀቱን ዳግመኛ ማሳተም፣ ድካሙንና ወጪውንም መጨመር ነበረበት። በዚህ ምክንያት ቀዩ ቀለም ከተራው መጽሐፍ እየራቀ ሄደ፤ ፊደልን በቀለም የማክበሩ ሥራም ለሠዓልያን ቀረ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ ካቋቋሙ በኋላ፣ እንደ ይገዙ ብስራት ያሉ ሰዎች የፊደልን መልክ ራሱን የሥዕል ነገር አድርገው ሠሩበት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ ፊደላችን በመስታወት ላይ በብርሃን ተጽፎ መታየት ጀመረ። ፊደልንና የሚንቀሳቀስ ሥዕልን በቅርብ ያዋሐደው መሣሪያ ግን ኮምፒዩተር ነው። ፎቶሾፕ የተባለው የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም በ1990 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወጣ፤ በ1994 ሥዕልን በየንብርብሩ ለያይቶ የመሥራት ዘዴ፣ ማለትም ሌየር፣ ተጨመረለት፤ በ1998 የሌየር ጌጦች መጡ፤ በ2000ም ሌየር ስታይል የሚባለው የተሟላ ሥርዓት ቆመ። ከዚያ በፊት ለአንድ ቃል ጥላ ማበጀት የፈለገ ባለሙያ ቃሉን ገልብጦ፣ ቅጂውን አጥቁሮ፣ አደብዝዞ፣ ጥቂት ወደ ጎን ገፍቶ ከሥሩ ማስቀመጥ ነበረበት፤ ቃሉ አንድ ፊደል በተለወጠበት ቁጥርም ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመር ነበር። ሌየር ስታይል ግን ጥላውን፣ ዳር መስመሩን፣ የውስጥና የውጭ ብርሃኑን፣ የተቀረጸ የሚያስመስለውንም ጉብታ ከፊደሉ ጋራ አቆራኝቶ ስለሚይዝ፣ ቃሉ ሲለወጥ ጌጡ አብሮ ይለወጣል። የግእዝ ፊደል በ1999 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ በ2007 ደግሞ የእንቅስቃሴ ማቀናበሪያ የሆነው አፍተር ኢፌክትስ እነዚሁን ስታይሎች ተቀብሎ በጊዜ ውስጥ የሚያንቀሳቅስ ሆነ።

አሁን ኦሞራቴ የሚለውን ቃል በደፈረሰው የኦሞ ውኃ ሥዕል ላይ እንጻፍ። ውኃው ስለሚንቀሳቀስ ከፊደሉ ሥር አንድ ጊዜ ብሩህ፣ አንድ ጊዜ ጨለማ ያልፋል፤ ነጭ ፊደል በብሩሁ ላይ ይጠፋል። ለስላሳ ጥላ በተጨመረለት ጊዜ ግን ከየትኛውም ውኃ ተለይቶ ይታያል። ቃሉ ሲዞርም በአፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ስታይሉ ከእንቅስቃሴው በኋላ ስለሚሰላ፣ ጥላው አብሮ አይዞርም፤ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ እንደ መጣ ይኖራል። ጥላው አስቀድሞ በሥዕሉ ውስጥ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ ከፊደሉ ጋራ እየዞረ ፀሐይን ከቦታዋ ያናጋ ነበር። ቴ የሚለውን ፊደል ደግሞ ልብ ብለን እንመልከት፦ በእግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ስድስት ፒክስል የሚያህል ቀዳዳ ቢኖራትና ባለሙያው በውጭ በኩል ሦስት ፒክስል ዳር መስመር ቢጨምርባት፣ መስመሩ ከየአቅጣጫው ወደ ቀዳዳው ገብቶ ይገናኛል፤ ቀለበቷም ትደፈናለች። ያን ጊዜ ቴው ቲ ይመስላል፤ ኦሞራቴም ኦሞራቲ ተብላ ትነበባለች። ለላቲን ፊደል ተብሎ የተዘጋጀ ስታይል እንዳለ ሲጫንበት፣ አናባቢው በጥቂት ቅጥያ የሚታወቀው የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ጉዳት ያገኘዋል።

እንግዲህ በጂንካም ሆነ በአዲስ አበባ በዚህ ሙያ የተሰማራችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ጌጡ ለፊደሉ እንጂ ፊደሉ ለጌጡ አልተፈጠረም። ዳር መስመሩን ከቀለበቱ ቀዳዳ ስፋት ግማሽ አሳንሱ፤ የብርሃኑን አቅጣጫ አንድ አድርጉ፤ ሥራችሁንም በትልቁ መስኮት ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሚያየው በትንሹ ስልክ ላይ ፈትኑ። የአገራችንን ስሞች የሚያስነብብ ጌጥ የአባቶቻችንን ጥበብ ይቀጥላል፤ የሚያሳስት ጌጥ ግን ምንም ቢያብረቀርቅ ሊወገድ የሚገባው ነው።