«ምንም ማድረግ አይቻልም» ካልን በኋላ

ኮሌጃችን እንዴት እንደተመሠረተ ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀ፤ ሐኪም ቢፈለግ የለም፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ጀመር። ለቲቲፒ ወጥተን በቁንጫ እየተበላን ያደርን ሁሉ የዚያ ታሪክ ልጆች ነን።

የዓይን ብርሃን ያጡ ሰዎች ታሪክ ግን በዚህ ውስጥ ብዙም አይነሳም። እኔም ያነሳሁት ስላፈርኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. አዲስ ምሩቅ ሆኜ በተመደብኩበት ጤና ተቋም፣ ከደጋው አገር የመጡ አንድ አዛውንት ከዓይን ሐኪም የተጻፈላቸውን ወረቀት ይዘው ገቡ። ሁለቱም ዓይናቸው በግላኮማ ጠፍቷል። ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት የልጅ ልጃቸው የዘንጉን ጫፍ ይዛ ትመራቸዋለች። ወረቀቱን አንብቤ፣ «አባባ፣ ከዚህ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔስ ዕድሜዬን በልቻለሁ። ይቺን ልጅ ግን ትምህርት ቤት ማን ያስገባልኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ቫይታሚን ጻፍኩላቸው። ለምን እንደጻፍኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባዶ እጃቸውን ላለመስደድ ይሆናል።

ከሰውየው ዓይን ጋር የልጅቷም ትምህርት ጠፍቶ ነበር። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ በእጄ አልገባም ነበር፤ ወይም ገብቶ አላስተዋልኩትም።

በሽታውን በተመለከተ ጎንደርም ክልሉም ብዙ ሠርተዋል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ መሆኑን አሳየ። በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶ ስድሳ ሁለቱ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ወገራም ሆነ ደባርቅ ያደገ ሰው ወረንጦ ከአንገቷ የማይለይ እናት ወይም አክስት ያስታውሳል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌኗን እየፋቀ እንቅልፍ ሲነሳት ትነቅለዋለች፣ ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህ ነው ነርሶች የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ተምረው ወደ ገጠር የወረዱት። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የማልትራ ሳምንት ተጀመረ፤ የወባና የትራኮማ ሥራ ተጣምሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች አዚትሮማይሲን እየያዙ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሩ። ኮሌጃችንን የወለደችው ወባ ከስንት ዘመን በኋላ ለዓይንም ውለታ ዋለች ማለት ነው! በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦፕቶሜትሪ ዲግሪ ትምህርትም የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ይህን ስናገር ደረቴ ይነፋል።

ዓይኑ ለማይመለስለት ሰውስ? እዚህ ላይ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ከእኛ ቀድሟል። ቅኔ በቃል የሚቆጠር፣ የጎንደር በአታ አቋቋምም በጆሮና በእግር የሚለመድ ስለሆነ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ እኩል ይቀመጥ ነበር። ማየት የተሳናቸው የኔታዎች ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። ነገሩን አላሳምረውም፤ ይህ በር ለወንድ ልጅ ነበር፣ ሴቷ ከምድጃ ሥር ትቀራለች፣ ሌላውም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እጁን ይዘረጋል።

ነገሩን የለወጡት ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ናቸው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ማለትም ከእኛ ኮሌጅ ብዙም አያንስም። ብሬል፣ ትምህርት፣ ሥራ እያለ ሲወተውት ኖሯል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። የወሎ ሳይንቷ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስትቀበል፣ ከአዛውንቱ ጋር የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ። አንዷ ዓይን ሳይኖራት ተማረች፤ ሌላዋ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዛ ዘንግ ስትጎትት ቀረች።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልመለስ። እኔ ቫይታሚን በጻፍኩበት በዚያ ዓመት፣ ራሱ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የሚባለውን ሥራ ጀምሮ ነበር። ሠራተኞቹ በየቤቱ እየገቡ ነጭ በትር አያያዝን፣ ውኃ መቅዳትን፣ ከቤት እስከ መንገድ ብቻን መሄድን ያለማምዳሉ፤ ልጅ ትምህርት ቤት እንዲገባ ከወላጅ ጋር ይሟገታሉ። እኔ ግን አልሰማሁም ነበር። ቢሮአቸው ከእኛ መማሪያ ክፍል ስንት እርምጃ ይርቅ ነበር? ሪፈር ስንጽፍ ከታች ወደ ላይ ብቻ ነው የተማርነው፤ ከሆስፒታል ወደ ሰፈር፣ ወደ ማኅበር መጻፍ የሚቻል አይመስለንም ነበር።

ኋላ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የመጣው የነጻ ትምህርት ፕሮግራም አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ወደ ግቢያችን አስገብቷል፤ በእኛ ጊዜ ግን በግቢው መንገድ ላይ የነጭ በትር ኳኳታ ሰምቼ አላውቅም።

በማስተማር ላይ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኢንተርኖቹ ዓይን ክፍል ሲዞሩ አንዷን ቀን ከተሐድሶ ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት ይዋሉ፤ ማኅበሩም አንድ አባሉን ልኮ ለአንድ ሰዓት ያስተምራቸው። እኔ አሁን ባለሁበት ክሊኒክ የማኅበሩንና የተሐድሶውን ስልክ በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስቀምጫለሁ። ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ገልብጬ ሰጥቻለሁ።